በሞቴ፣ አንዴ ይጎንጭ!

ወሎ እንግዳ አያሳፍርም። የሚጠራጠር ካለ ደሴ ይምጣና የአንዱን መሥሪያ ቤት ኮሪደር ይጎብኝ። ከወረፋው አግዳሚ ወንበር ጎን፣ ጥግ ይዞ የቆመ ዲፈንባኪያ ያገኛል። ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ መሀል መሀሉ ላይ ነጭ የተረጨበት፣ አብዛኞቻችን «የቢሮ አበባ» ብለን የምናልፈው።

እንግድነቱ የዋዛ አይደለም። ዘሩ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ሞቃት ደን ይመዘዛል። ስሙን ያገኘው ደግሞ ቪየና፣ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ዋና አትክልተኛ ከነበረው ከዮሴፍ ዲፈንባክ ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በሙቀትና በእርጥበት ተቀማጥሎ የኖረ ወገን ነው። እኛ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አምጥተን መስታወቱ በወለቀ መስኮት ሥር እናቆመዋለን። ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጎዳል። የታኅሣሥ ሌሊታችን ከዚያም ይወርዳል። ታዲያ ምን ችግር አለ? እኛ ጋቢ እንደርባለን፣ እሱ ይለምደዋል።

አቀባበላችንም ክብር ያለው ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ተመችቶት ያደገውን ገዝተን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እናስረዋለን። የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ፣ ንፋስ እየገረፈው ይወጣል። ደሴ ሲገባ ቅጠሉ ተተልትሏል። ሪባኑ ግን አልተፈታም፣ ዋናው እሱ ነው።

ሪባኑ ደግሞ ለዓመታት አይፈታም። ቫዞው የተጠቀለለበት የሚያብረቀርቅ ላስቲክም እንዲሁ። ቫዞው ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ትርፉ ውሃ እንዲወጣ ነበር። ላስቲኩ ግን አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። በእኛ ቤት ለእንግዳ የተቀዳ አይደፋማ!

ግብዣው እዚህ ላይ ነው የሚደምቀው። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ ታጠጣዋለች። ረፋድ ላይ ጸሐፊዋ ረስታው እንዳይሆን ብላ ትደግመዋለች። ባለጉዳዩ የማኪያቶውን ትራፊ ያካፍለዋል። ሌላው ቡና ከነአተላው፣ ሌላው የቀዘቀዘ ሻይ ከነስኳሩ። ስቴኪኒውና የሲጋራ ቁራጩ ከላይ ይሰካል። ሥሩ ለካ አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ሲሆን «ውይ፣ ጠምቶታል!» እንልና አንድ ጆግ እንጨምርለታለን። እንዲህ ያለ ርኅራኄ የትም አይገኝም። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እየተባለ የሚሞተው ተጋባዡ ነው።

በቀደም አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ተራ ሲጠብቁ አዩት። ግንዱ ከታች ለስልሶ ወደ ግድግዳው ተጋድሟል።

«ልጄ፣ ይኼ ተክል ምን ነካው?» አሉ ጥበቃውን።

«አብሽሩ አባባ፣ አሁን ሻይ ጠጥቷል።»

ከበላይ ጎብኚ የሚመጣ ቀን ደግሞ ልዩ እንክብካቤ አለ። ቅጠሉ በዘይት ይታሻል። አንዳንዱ ቫዝሊን ይመርጣል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃ ነበር፣ ግን እሱ አያብረቀርቅም። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቢደፈኑስ? ጎብኚው ቀዳዳ ሊቆጥር አልመጣ።

ከእናቶቻቸው ጋር የመጡ ሕፃናትም ቅጠሉን እንደልባቸው ይቀነጥባሉ። ከልካይ የለም። በውስጡ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉ ያኘከው ሰው ምላሱ ያብጣል፣ አንዳንዴም መናገር ያቅተዋል። አዋቂው ባለጉዳይ እንኳ ማኘክ አያስፈልገውም። ሦስተኛው መስኮት ላይ ሲደርስ አፉ በራሱ ይያዛል።

እንግዲህ ሲሞት ይጣላል እንዳትሉ። ቫዞው ላይ የንብረት መለያ ቁጥር ተለጥፏል። ለማስወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል። እስከዚያው የደረቀው ግንድ ከነሪባኑ በቦታው ይቆያል። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አመሳከረ። ቀና ብሎ ወደ ላይ አላየም። ቅጹ ላይ «አለ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ጻፈና ወደ ወንበሮቹ አለፈ።