የተሰነጠቀ ቦይን መለሰን አያድነውም

«ቦዩ የሚያፈሰው ልስኑ ስለሳሳ ነው፤ በሲሚንቶ ደግመን ብንለስነው ይበቃል» ለተባለው እርማት። በአቃቂ ዙሪያ ጥፋቱ ከሥር ነው፤ ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ኮንክሪቱንም አብሮ ይሰብረዋል። አዲሱ ልስን በዚያው መስመር ይተረተራል።

የተሰበረውን ክፍል አንሱና ጥቁሩን አፈር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አውጡ። በማያብጥ ሰሌክት (ለሙሌት በተመረጠ አፈር) ሙሉት፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ። ርካሽ ነው ብሎ ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የሚሞላ አለ፤ እሱ ውሃ ስለሚያሳልፍ ከሥር ያለውን ጥቁር አፈር ያጠጣዋል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት አልብሱት፤ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ሁሉም የሚዘለው መገጣጠሚያውን ነው። በየ3 ሜትሩ ክፍተት ተዉ፤ ክፍተቱንም በሬንጅ ማስቲክ (በሚለጠጥ የሬንጅ መድፈኛ) እንጂ በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ ሲሚንቶ አይለጠጥም።