ምስጋና ለስም ጻፊው

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ለማሳደስ የተሰለፋችሁ ጎንደሬዎች ስለ ማን እንደማወራ ገብቷችኋል። ገና ሳይነጋ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ ከደብተር የተገነጠለች ወረቀት ይዞ ስለሚጠብቃችሁ ሰውዬ ነው። የሾመው የለም። እስክሪብቶ ስላለው ተሹሟል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ሰልፍ ባለበት ሁሉ አይጠፋም። ዛሬ ላመሰግነው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣን ሲያከፋፍል ያየውን አበሳ አስቡት። ሕግ ማውጣት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ማስፈጸም ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት። ዳኝነት ለፍርድ ቤት። ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ደግሞ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፤ ለእሱም 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ተጨምሮለት። ምን ያለ የሰው ኃይል ብክነት ነው! የኛ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ እጁ ይሠራዋል። በሌላው እጁ የስልኩን መብራት ይይዛል።

አሠራሩን እዩልኝ። 11 ሰዓት ላይ አዋጅ ያወጣል፦ «ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይሰረዛል።» ሁለተኛ ንባብ የለ፣ ድምፀ ተአቅቦ የለ። 12 ሰዓት ላይ አስፈጻሚ ሆኖ ይጠራል። የሚጠራው በለሆሳስ ስለሆነ ግማሹ ሰው አይሰማውም። ይሰረዛል። የተሰረዘው ሲጮህ ያው ሰውዬ ኮቱን አስተካክሎ ዳኛ ይሆናል። «እስቲ መዝገቡ ምን ይላል?» ይልና መዝገቡን ራሱ ያነበዋል። ይግባኝ ካላችሁ አጣሪ ጉባኤም አለው፤ አብረውት የመጡ ሁለት ጓደኞቹ። አጣርተው «የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም» ይሏችኋል። 1 ሰዓት ላይ አዋጁ ይሻሻላል። የአክስቱ ልጅ አርፍዳ ደርሳለቻ! «ዘመድ ለዘመድ መመዝገብ ይችላል» ተባለ፤ ያውም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በዚያ ላይ የክልሎች ይሁንታ ያስፈልጋል። ለእሱ ሕግ አንዲት የአክስት ልጅ ትበቃለች።

ግንቡ ውስጥ የነገሡት አፄዎችም እኮ ያውጁም ይፈርዱም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ለእነሱም ሊቃውንቱ ከፍትሐ ነገሥት ይጠቅሱላቸው ነበር። ራሳቸው ያልጻፉት መጽሐፍ ነበረባቸው። ሰውዬአችን በዚህ ይበልጣቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ምስጋናው ይቁም። ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት ያደሩ አንዲት እናት፣ ወገባቸውን የሚያሳርፉበት ድንጋይ ፍለጋ ፈቀቅ ባሉበት ስማቸው ተሰረዘ። «ማዘር፣ ሕግ ሕግ ነው» አላቸው። የቱ ሕግ? ማን ያወጣው? አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ያለው፣ አንዱ ተነሥቶ የልቡን ፈርዶ «ሕግ ነው» እንዳይለን አይደለም እንዴ! ነውር ነው። ከፊት የተመዘገበው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድ ስም ሲሰረዝ አንድ ቦታ ከፍ ይላላ።

ይሁን፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሥልጣን ላይ ሙጭጭ አይልም። ርዕሰ ብሔሩ 6 ዓመት ይቆያል፤ እሱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት ያበቃል። አንደኛ ገባ፣ ጉዳዩን ጨረሰ፣ ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ ውልቅ። ርክክብ የለም። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎ «የምን ስም ዝርዝር? እኛ የምናውቀው ነገር የለም፤ ተሰለፉ» አለ።

ሌሊቱን የተዳደርንበት መንግሥት በዚህች ቃል ፈረሰ። ሰዉ ተጋፋ፣ ክርን ለክርን ሆነ። ይሄኔ ከኋላ አንዱ «ኧረ ረጋ በሉ ጎበዝ! ስም እንጻፍ። ወረቀት የያዘ አለ?» ብሎ ጮኸ። ከየአቅጣጫው ወረቀት ተዘረጋለት።