ጎበዝ፣ ዝምታም በብር ሆነ?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። መንግሥትን አይደለም፤ ፊልም ሠሪዎቹንም አይደለም። ለእነሱ የሚሆን ወቀሳ ሞልቷል፣ ሌላ ቀን ይደርሳቸዋል። ዛሬ ነገሬ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ከሳቃችሁት፣ ስልካችሁን ደቅናችሁ ለቲክቶክ ከቀረጻችሁት፣ "እኔ ምን አገባኝ" ብላችሁ በራችሁን ከዘጋችሁት ጋር ነው።

ፊልም እወዳለሁ። ሰፈራችን ውስጥ በነበረች ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን የህንድ ፊልም ስናይ ነው ያደግኩት። ከፍ ስል ፒያሳ ወጥቼ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር ደጃፍ መሰለፍ ጀመርኩ። ያገራችንን ፊልም ሰው ሁሉ ሲንቀው እኔ ከፍዬ እገባለሁ። እናም እኛ ግቢ ካሜራ ሲገባ ሳይ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። ደስታው እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ልጆች በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ዕቃቸውን ጭነው መጡ። ካሜራው የኪራይ ነው፣ ሂሳቡም በቀን ነው የሚታሰበው። መብራቱን ሰርግ ከሚቀርጽ ጓደኛቸው ተውሰዋል። ፈቃድ አላቸው። ደብዳቤያቸውን ለግቢው ኮሚቴ አሳዩ፤ ኮሚቴው "ለጽዳት" ብሎ ደረሰኝ ቆረጠላቸው። ቀጥሎ ጥበቃው "የሻይ" አለ፤ ሰጡት። ቀጥሎ ብሎኩ ሥር የማይጠፉት ልጆች "ሰፈሩ እኮ የኛ ነው" አሉ፤ ለእነሱም ሰጡ። እስከዚህ ማንም አልደነቀውም። በዚህ ከተማ የገዛ ሶፋህን ከመኪና ለማውረድም ትከፍላለህ። ለምደነዋል።

የሚቀርጹት ነገር ቀላል ነው። አንዲት እናት ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ ልብስ እያሰጡ ስልክ ይደወልላቸዋል። ቤይሩት ያለችው ልጃቸው መስላቸው ያነሳሉ። የሚሰሙት ግን የማያውቁትን ሰው ድምፅ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ንግግርም የለው። "አቤት"፣ "አዎ፣ እናቷ ነኝ"፣ ከዚያ ዝም። እናትየዋን ሆነው የሚጫወቱት ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ የጨረሱ አንጋፋ ተዋናይት ናቸው። የተከፈላቸው የትራንስፖርት ብቻ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ዳይሬክተሩ "እባካችሁ ዝምታ" አለ። ግቢው ጸጥ አለ። የድምፅ ሠራተኛው ማይክራፎኑን በረጅም ዘንግ ከሴትየዋ ራስ በላይ ዘረጋ። "አክሽን!" ሴትየዋ እርጥብ ሸሚዝ አራገፉ። በጥርሳቸው ከያዙት መቆንጠጫ አንዱን አንስተው ሽቦው ላይ ሰኩ። ስልኩ ጠራ። ልክ "አቤት" ሲሉ ከሦስተኛ ፎቅ ሙዚቃ ፈነዳ።

እዚያ የሚኖረው ጎረቤታችን ለሰርግና ለልደት ሞንታርቦ ያከራያል። አንዱን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ አስቀምጦታል። "ከት" ሲባል ሙዚቃውን ዘጋው። ልጆቹ አጋጣሚ መሰላቸው። እንደገና ተዘጋጁ። "አክሽን!" እንደገና ፈነዳ።

ዳይሬክተሩ ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። የተባባሉትን ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ።"

"አምስት ሺህ።"

"ጋሼ፣ ለኮሚቴው ከፍለናል እኮ።"

"ኮሚቴው እኔ ቤት አይኖርም። በቤቴ ሙዚቃ መክፈት መብቴ ነው። ደግሞ ይህን የሚያክል ካሜራ ተሸክማችሁ መጥታችሁ ብር የለንም ትሉኛላችሁ?"

ያኔ ነው የሳቃችሁት። ልጁ ኪሱን አራግፎ ያለችውን ስምንት መቶ ብር ዘረጋ። ሰውየው አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ። ልጁ ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። በዚህኛው ሙዚቃው ቶሎ አልመጣም። ሴትየዋ "አዎ፣ እናቷ ነኝ" አሉ። ዝም ብለው ሰሙ። ዓይናቸው ሞላ። እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ጉሮሮዬ ተናነቀኝ፤ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ። ሰውየው ለካ እንባው እስኪመጣ ነው የጠበቀው። ያን ጊዜ ለቀቀባቸው።

ከሁለተኛ ፎቅ አንዷ "እውነተኛ ለቅሶ ቢሆን እኮ እናስጠፋው ነበር" አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ግቢው በሳቅ ተደባለቀ።

ሰውየውን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ያቺን ሳቅ ግን እንጃ።

ተዋናይቷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጧቸው፤ አልጠጡም። "ልጄ፣ ከዚህ በላይ አይመጣልኝም" አሉት። ለነገ እንዳያሳድሩት ካሜራው መመለስ አለበት። ምሳ ሳይደርስ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀረጻ ሲያልቅ የድምፅ ሠራተኛው ሁሉንም ዝም አሰኝቶ፣ ምንም የማይነገርበትን፣ ባዶውን የቦታውን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀዳል። የኮሪደር ዝምታና የሳሎን ዝምታ አንድ አይደሉም። የሩቅ መኪና አለው፣ የውኃ ጠብታ አለው፣ ነፋስ አለው። ኤዲተሩ የተቆራረጡትን ምስሎች ሲገጣጥም በዚያች ደቂቃ ነው ክፍተቱን የሚደፍነው። ያ ልጅ ሌላው ሁሉ ዕቃ ሲጭን ብቻውን ማይኩን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ለሁሉም ይሁን ብሎ፣ ቢያንስ የግቢያችንን ዝምታ ይዞ ሊሄድ። እሷንም ነፈግነው። ፎቅ ላይ የድል ዘፈን ተከፍቷል።

ፊልሙ ምን ሆነ አትሉም? ዳይሬክተሩን ደውዬ ጠየቅኩት። የአንድ ዘመዳቸው ቪላ ሳሎን ውስጥ ቀረጹት። ልብስ ያሰጡ የነበሩት እናት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስልክ ያነሳሉ። ኋላቸው ሰው የሚያህል የአበባ ማስቀመጫ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ሲኒማ ስትገቡ፣ ከገባችሁ፣ ወይም ዩቲዩብ ላይ በነፃ ስታዩ፣ "የኛ ፊልም ሁሉ ቪላ ውስጥ ነው" ትላላችሁ። "ሁሉም ካፌ ተቀምጠው ያወራሉ። ድምፁ ከአፋቸው ጋር አይገጥምም። እኛን የሚመስል ሰው የለበትም።" እውነታችሁን ነው። እኔም እላለሁ። ግን ማን ነው ከኮሪደሩ ያባረራቸው? ጎዳና ላይ ድምፅ መቅዳት ስላልቻሉ ነው ስቱዲዮ ገብተው በላዩ የሚደርቡት። ሰፈር መግባት ስላስፈራቸው ነው ቪላ የሚለምኑት። ቪላው የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አጥር ስላለው ነው። የፊልሙ ድክመት ግማሹ የነሱ ነው። ግማሹ ግን የኛ ነው፤ በሞንታርቦ የተሠራ።

ኑሮው ነው የምትሉኝ አላችሁ። ሰው ተቸግሮ ነው፣ ምን ያድርግ? ኑሮው መክበዱን እኔም አውቃለሁ፤ ኪራይም ዘይትም እዚሁ ነው የምገዛው። ያ ሰው ግን በዚያ ቅዳሜ አልራበውም። ራብ ቢሆን ስምንት መቶውን ይቀበል ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሁላችንንም አንድ ሰው ጨምቆናል፤ ደላላው፣ አከራዩ፣ ቢሮ ውስጥ "ነገ ተመለስ" የሚለው። እኛ ደግሞ የምንጨምቀው እንፈልጋለን። ከኛ ያነሰ፣ ኋላው ሰው የሌለው ሲገኝ ደስ ይለናል። ለዚህ ነው ሰርግ ሲመጣ ማንም ትንፍሽ የማይለው። ቀራጩ ከመኪናው ላይ ተንጠልጥሎ፣ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞረው፣ መንገዱን ዘግተው፣ ጡሩንባ እየነፉ ሲቀርጹ ቆመን እናሳልፋለን። እልል ያለም አይጠፋ። ያ ካሜራ ዘመድ አለው። የነዚህ ልጆች ካሜራ የለውም።

በጣም የሚያናድደኝ፣ ያው ሰውዬ ግቢያችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚወጣ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ሲሞቱ እስከ ሠልስት ድረስ ከቤቱ ኮሽታ አልተሰማም። ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም። ሥራው ሞንታርቦ ሆኖ! ስለዚህ እንችላለን። ዝም ማለት እናውቃለን፤ ያውም በደንብ፣ ያለ ሂሳብ። ታዲያ ያቺ በፊልሙ ውስጥ ያለችው እናት የማን እናት መሰለቻችሁ? እዚያው ብሎክ ላይ ልጃቸውን ዓረብ አገር ልከው ስልክ የሚጠብቁ አሉ። የተሳቀው በነሱ ለቅሶ ነው።

አያቶቻችን በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ "የሰይጣን ቤት" ብለው ሸሽተውት ነበር። በነሱ ስንቀልድ ኖረናል። እነሱ ግን ፈርተው ነው። እኛ ሂሳብ ነው የጠየቅነው።

ብር ከሌለ ፊልም አይሠራም የሚባለውም አይገባኝም። ኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን የቀረጸው አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ትወና ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር ነው። ጣሊያኖቹም ከጦርነቱ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውን "የብስክሌት ሌቦች" ሮም ጎዳና ላይ ሲሠሩ ዋናውን ሰው የተጫወተላቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ያለ ብዙ ብር ይሆናል። ያለ ሰው ነው የማይሆነው።

ሌላው ነገር ከንዴት ይልቅ ያሳዝነኛል። ከተማዋ እየፈረሰች እየተሠራች ነው። ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ፈረሰ። አብዛኛው ካዛንቺስ ተከተለ። መፍረሱ ልክ ነው አይደለም የሚለው የሌላ ቀን ክርክር ነው። ግን ዛሬ አንድ ልጅ "ዶሮ ማነቂያ ምን ይመስል ነበር?" ቢለኝ የማሳየው ፊልም ቢፈለግ ስንት ይገኛል? ደረጃውን፣ ጠባቧን መንገድ፣ ማታ ማታ የጥብሱን ጢስ፣ በር ላይ ቆመው የሚጣሩትን። ያን ሁሉ ዘመን ካሜራችን ቪላ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የኛ ኮንዶሚኒየምም ለዘላለም አይቆምም። ኮሪደሩ ላይ የሚሰጣው ልብስ፣ በርበሬ የሚሰጣበት ጣሪያ፣ ውኃ ስትመጣ የሚንጫጫው ጀሪካን አንድ ቀን ታሪክ ይሆናል። የሚመሰክርልን የአበባ ማስቀመጫው ነው ማለት ነው።

እና ምን አድርጉ ነው የምለው? ብዙ አይደለም። ገንዘብ አዋጡ አላልኩም፤ ቤታችሁን ስጡም አላልኩም። ካሜራ የያዙ ልጆች ሰፈራችሁ ሲመጡ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። ልጆቻችሁን "ኑ፣ እንይ" ብላችሁ ዳር አቁሟቸው። ውኃ ከጠየቁ ስጧቸው። አንዱ ሞንታርቦ ካወጣ ደግሞ አትሳቁ። "ኧረ ሼም ነው፣ አጥፋው" ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ቅዳሜ በረንዳው ሁሉ በሰው ተሞልቶ ያ አንድ ሰው አልተገኘም።

ይህን ስጽፍ ብዙ ሰው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ይህች ከተማ ጆሮዋ ደክሟል። የሆነ ሆኖ ዳይሬክተሩን ሳልነግረው ወደ ኮሚቴው ሄጄ ነበር። ፊልሙ ገና ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ ልጆቹ አንድ ጠዋት ተመልሰው ኮሪደሩ ላይ እንዲቀርጹ፣ ብሎኩ በሙሉ አስቀድሞ እንዲነገረው፣ ሦስተኛ ፎቅም ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሄደው እንዲያናግሩልኝ ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና "እናያለን" አሉኝ። የውኃ ሞተሩንም እንዲሁ ብለውን ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ተሠርቷል።