ሽማግሌ መላክም ትእዛዝ መጣስ ነው

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የጥበቃ ትእዛዝ፣ ማለትም ሴትዮዋን እንዳይቀርብ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወጥቶበት እሷን መከታተል ያላቆመ ሰው ፍርድ ቤትን በመድፈር ይቀጣል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በኦሃዮዋ ከተማ ኮሎምበስ ያለን ሐበሾች ጠብ ሲነሳ ቶሎ ሽማግሌ እንልካለን። ትእዛዙ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው በኩል መገናኘትንም ይከለክላል። የማውቃት ልጅ ቤት ትእዛዝ የወጣበት ሰው የላካቸው ሦስት አባቶች ለእርቅ መጡ። ክፋት አልነበራቸውም። እሷ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰውየው አድራሻዋን እንዳወቀ ገብቷታላ!

ደግሞ «እሷ ራሷ ደውላ ጠራችኝ» ማለት አያድንም። ትእዛዙን መለወጥ የሚችለው ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። ጥሰቱ ራሱን የቻለ ወንጀልም ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 180 ቀን እስራትና እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት አለው። ትእዛዙ እስከ 5 ዓመት ይቆያል።

እህቶቼ፣ የጥበቃ ትእዛዝ ማመልከቻ ለማስገባት ክፍያ የለውም። የሚልክላችሁን ቴክስትና የድምፅ መልእክት አታጥፉ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ዳኛው ፊት የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። አባቶችም፣ እባካችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለብህ ወይ?» ብላችሁ የላካችሁን ሰው ጠይቁት።