ብናኙን አትናቁት

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ በታመቀ አየር ጥይት የሚተኩሰው የአየር ጠመንጃ ባሩድ ስለሌለው ቤት ውስጥ ቢተኮስበት ለጤና አያሰጋም ይላል። ግማሹ ልክ ነው፤ የባሩድ ጠመንጃ የሚያወጣው የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ጢስ እዚህ የለም። ግን የእርሳስ ጥይት ጠንካራ ብረት ሲመታ ይፈረካከሳል፣ ደቃቅ ብናኝም ይረጫል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በተለይ ወለሉ ላይ የሚድኽ፣ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ካለ! የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

እባካችሁ ከዒላማው ጀርባ ጥይቱን ሳይሰባብር የሚይዝ፣ እንደ ሊጥ ለስላሳ በሆነ ማሸጊያ የተሞላ ሣጥን አድርጉ። ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። ጥይት በአፍ መያዝማ ጭራሽ አይሞከር። ስትጨርሱ ምንም ሳትቀምሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከእርሳስ ነፃ የሆነ ጥይትም አለ፤ ጠንከር ስለሚል ግን ይነጥራል፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ።