መሸኛ ከየት ያምጡ?

ባሕር ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ትንሽ የተቀመጠ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ሲደጋገሙ ይሰማል። «ደብተር አላችሁ?» «የየትኛው ቀበሌ ናችሁ?» ለከተማው ነዋሪ ተራ ጥያቄ ነው። ከወለጋ ወይም ከመተከል ተፈናቅላ መጥታ ዓባይ ማዶ አንድ ክፍል ለተከራየች እናት ግን ግድግዳ ነው። ደብተሯ ጥላው በመጣችው ቤት ቀርቷል። ቀበሌዋም እዚያው ነው።

ደብተር የሚባለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት ደብተር ነው። ለጣና ዳር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ፎገራና ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበሩ። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ ከዚያ በመንግሥት ጤና ተቋም ሲታከም ከኪሱ አያወጣም። መክፈል የማይችለውን ቀበሌው ይለየዋል፤ መንግሥት ይከፍልለታል። ጥሩ ሥርዓት ነው። ስንቱ ገበሬ በሬውን ሳይሸጥ ታክሞበታል!

ችግሩ ሥርዓቱ የተሠራው ከቦታው ለማይነቃነቅ ሰው መሆኑ ነው። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ተፈናቃይ ደግሞ ወር መርጦ አይመጣም። ድሃ የሚለየው በሚያውቀው ጎረቤት ነው። አዲስ መጥቶ ቤት የተከራየን ሰው ማን ያውቀዋል? ይባስ ብሎ፣ በቀድሞ ወረዳው መዋጮውን ከፍሎ የነበረ ሰው እንኳ ገንዘቡ እዚያው ወረዳ ቋት ውስጥ ነው። ሰውየው ሲሰደድ መድኑ አብሮት አይሰደድም።

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ የመሸኛ ነገር ነው። ደብተር ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያ ደግሞ ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። በሌሊት ልጆቿን ይዛ የወጣች ሴት መሸኛ ልታመጣ ወዴት ትመለስ? አገራችን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት፣ ማለትም የአፍሪካ ኅብረት ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች ያወጣው ውል፣ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። መንግሥት ለተፈናቃይ የጠፋበትን ሰነድ ሲተካ «ወደ ቀድሞ ቦታህ ተመለስ» የሚል ዓይነት ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጥ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄው የችሮታ ሳይሆን የተፈረመ ቃል ነው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጇ የሳንባ ምች የያዘው እናት ማዘዣ ተጻፈላት። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ዋጋውን ጠየቀች። ሲነግሯት ዝም አለች፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ነገ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ክትባት፣ ወሊድና የቲቢ ሕክምና ለማንም ሰው ነጻ ናቸው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሳንባ ምች ሽሮፕ ግን በዚያ ቀን ለእሷ ነጻ አልነበረም። በየወሩ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውስ ስንት ጊዜ «ነገ» ይላል?

የመድን ባለሙያዎች ስጋት አላቸው፤ ስጋታቸውም ትክክለኛ ነው። ሰው ሲታመም ብቻ እየመጣ ከተመዘገበ ቋቱ ይራቆታል። የምዝገባ ወቅት የተወሰነውም ለዚሁ ነው። ተፈናቃይ ግን ታሞ አይደለም የመጣው፤ ተባሮ ነው። በደረሰበት ቀን ጤነኛውም ታማሚውም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ቢመዘገብ የተፈራው ነገር አይደርስም። እድር እንኳ ለአዲስ ጎረቤት መግቢያ ያስከፍለዋል እንጂ ዓመት ጠብቅ ብሎ አይመልሰውም።

ከመተማ በኩል የገቡት ሱዳናውያን ስደተኞች ቢያንስ ይመዘገባሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። የሚገባ ነው። የራሳችን ዜጋ ግን በገዛ አገሩ ወረቀት አጥቶ መቆም የለበትም።

መዋጮውን ማን ይክፈል? ሩዋንዳ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በከተማ የሚኖሩ ስደተኞችን በራሷ የማኅበረሰብ ጤና መድን ማስገባት ስትጀምር መዋጮውን የከፈለላቸው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ነበር። እኛም ጋ ረጂ ድርጅቶች ለጊዜያዊ ክሊኒክ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው የተፈናቃዩን የዓመት መዋጮ ቢከፍሉ ገንዘቡ ጤና ጣቢያውንም ያጠናክራል። የጎደለውን ክልሉና ፌዴራል መንግሥቱ ይሙሉ።

ስም ዝርዝሩም አለ። ለስንዴ የሚያገለግለው የተፈናቃዮች መዝገብ ለመድን የማያገለግልበት ምክንያት አይታየኝም። መጠለያ ሳይገባ ቤት የተከራየው ደግሞ በአከራዩና በሰፈሩ እድር ሦስት ሰዎች ምስክርነት ይመዝገብ። በመሸኛ ፋንታ ምስክር መቀበል ለቀበሌ አዲስ ሥራ አይደለም። የክልሉ ጤና ቢሮ መድኑን ከሚመራው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ ለየቀበሌው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ምዝገባውም ለተፈናቃይ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ይሁን።