ተራራው እኛም ጋ አለ፣ መሄጃው ነው የጠፋው

«ተራራ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ የምትከሰክሰው? እኛ ሀገር ሞልቶ የለም እንዴ!» ዘርማት የምትባለው የስዊዘርላንድ የተራራ ከተማ ልሄድ ነው ባልኩ ቁጥር እዚህ ዙሪክ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ልክ ናችሁ፣ ሞልቷል። የስሜን ተራሮች መግቢያ ደባርቅ ከተማዋ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ዘርማትን በሺህ ሜትር ትበልጣታለች። ይሄ ከዘርማት በላይ ያለው፣ በየፖስትካርዱ የምታዩት ማተርሆርን ተራራ 4,478 ሜትር ነው፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ያልፋል። ጭላዳው፣ ዋልያው፣ ጅባራው ሌላ አገር የሉም። ወደ ታች ሲያዩት ራስ የሚያዞረው ገደልም አለ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዘና ብዬ፣ ድንኳን ሳልሸከም፣ ከማንም ጋር ሳልጨቃጨቅ፣ እናቴን ይዤ ተራራ ማየት ብፈልግ የት ነው የምችለው?

ለዘርማት ጉዞ ያወጣሁት እቅድ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ያለቀ ነው። ባቡሩ ስንት ሰዓት፣ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ ስልኬ ነገረኝ። ዘርማት የነዳጅ መኪና አይገባም፣ በመኪና የመጣ ሰው ከታች ቴሽ የምትባል መንደር ላይ አቁሞ 12 ደቂቃ በባቡር ነው የሚገባው። ከዚያ ደግሞ እስከ ጎርነርግራት፣ 3,089 ሜትር ድረስ የሚያወጣ ባቡር አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1898፣ ማለትም ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ሥራ የጀመረ ባቡር! ዋጋው ያማል፣ በሰመር ደርሶ መልስ ሙሉ ትኬቱ ከ100 ፍራንክ በላይ ነው። ግን ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፣ ውድ ነው ካልኩም በእግሬ እወጣለሁ።

ልቤን የወሰደችው ቢጫዋ ሰሌዳ ናት። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ቆማ ትጠብቅሃለች። የቦታው ስም አለ፣ ከአጠገቡ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። 1 ሰዓት ከ35 ካለ የእግሩን ብቻ ነው፣ አረፍ የምትልበትን አንተ ትጨምራለህ። መንገዱ ከበድ የሚል ከሆነ የሰሌዳው ጫፍ ነጭ ቀይ ነጭ ይቀባል፣ ያንኑ ቀለም በየድንጋዩ ላይ እያየህ ትሄዳለህ። እንዲህ ምልክት የተደረገለት የእግር መንገድ አገሪቱ ውስጥ ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። እና ስሙኝ፣ ይሄ የእግር መንገድ ጉዳይ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ነው ያለው! በፈረንጅ 1979 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አስገባው። እኛ በሕገ መንግሥት ስንጣላ ስንት ዘመናችን ነው፣ ስለ እግረኛ መንገድ የተከራከረ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከዘርማት በላይ ሽቴሊዜ የሚባለው ሐይቅ ዳር እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ባልና ሚስት ምርኩዛቸውን አጋድመው ዳቦና አይብ ይበላሉ። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራለች። የሚያጣድፋቸው የለም። ምን ያህል መንገድ እንደሚቀራቸው ያውቃሉ፣ የመጨረሻው መውረጃ ስንት ሰዓት እንደሆነም ያውቃሉ። አልፌያቸው ስሄድ ቀድመው ሰላም አሉኝ። ከተማ ውስጥ ትራም ላይ አጠገብህ ተቀምጦ ቀና ብሎ የማያይህ ሰው ተራራ ላይ ሰላም ይልሃል። እኔ ግን እናቴ ነበረች ትዝ ያለችኝ።

እናቴ ጎንደር ናት። ደባርቅ ከእሷ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ኖራ ስሜንን አይታ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሴት ናት፣ ጉልበት አላነሳትም። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ለእረፍት ስሄድ ልውሰዳት ብዬ ለአንድ አስጎብኚ ደወልኩ። የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነው። ደባርቅ እናድር፣ ጠዋት በመኪና ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ እንድረስ፣ ወደ ሳንቃበር ካምፕ አቅጣጫ ቀስ እያልን ትንሽ እንራመድ፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ቁጭ ብለን እንይ፣ እንመለስ። በቃ።

ሰውየው ድንኳን፣ በቅሎ፣ ምግብ አብሳይ፣ የአብሳይ ረዳት ቆጠረልኝ። ስካውቱን፣ መሣሪያ ይዞ አብሮ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ፣ አልቃወምም፣ የፓርኩ ደንብ ነው፣ አገሩንም ያውቃል፣ እንጀራውም ነው። ግን ለግማሽ ቀን አብሳይ ምን ያደርጋል? ስንት ሰዓት ያስኬዳል አልኩት። «ቅርብ ነው።» ዳገት አለው? «ያን ያህል አይደለም።» ለትልቅ ሰው ይሆናል? «እንደ አቅማቸው ነው።» ዋጋውስ? «ስትመጡ እንነጋገራለን።» ከዚያ የት ነው የምትኖረው አለኝ። ነገርኩት። ወዲያው ዋጋው ወጣ፣ በዶላር። እናቴ ስልኩን በስፒከር እየሰማች ነበር። «በገዛ አገሬ ተራራ ለማየት ነው ዶላር የምከፍለው?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ጉዞው እዚያው ላይ አበቃ።

ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የብሩ መብዛት አይደለም፣ ዘርማት ላይ ከዚያ የበለጠ ከፍያለሁ። ሰው የት እንደሚኖር ተጠይቆ ዋጋ ሲወጣለት ነው የሚያመው። ባጃጅ ላይ እንደዚያው፣ ገበያ ላይ እንደዚያው። ቅቤ ለመግዛት እህቴን አስቀድሜ እኔ ከኋላ ዝም ብዬ ነው የምከተለው፣ ድምፄ ከተሰማ ዋጋው ይወጣል። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እንግዳ ሆኜ የምገበያየው ለምንድን ነው? ያውም እህትና እናቴን ጭምር ነው ዋጋ የሚያስጨምርባቸው።

ደባርቆች የደረሰባቸውን አላጣሁትም። ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ቀጠለ፣ ያ ሳይሽር ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ያለው ግጭት። እንግዳ የናፈቀው በቅሎ አከራይ አንድ ሰው ሲያገኝ ዋጋ ከፍ አድርጎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ስሜን እኮ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ፓርኩ እንዲተርፍ ተብሎ እዚያው ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች መንደራቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ይሄን ያህል የተከፈለበት ተራራ የጎንደር እናቶች ሳያዩት መቅረት የለባቸውም።

ደባርቅ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ በብርና በአማርኛ ጻፉልን። ከቡይት ራስ ሳንቃበር ስንት ሰዓት ነው፣ ስካውት በቀን ስንት ነው፣ በቅሎ ስንት ነው፣ ለትልቅ ሰው የሚሆነው የትኛው መንገድ ነው፣ የግማሽ ቀን ብቻ የሚፈልግስ ምን ያደርጋል? ሰሌዳ እንትከል ካላችሁም ለጣውላና ለቀለሙ ከዚህ እናዋጣለን። መንገዱ ሰላም ሲሆን መጀመሪያ የምንደውልላችሁ እኔና እናቴ ነን።